የኤሌክትሪክ መጋዝና ቼይንሶ፦ ስለ መከላከያ ልብስና ጥንቃቄ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእንጨት ሥራ ቤት፣ በግንባታ ቦታና ዛፍ በሚቆረጥበት ሁሉ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

መጋዝ ለማስነሣት ቢያንስ ምን መልበስ አለብኝ?

መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ የብናኝ ማስክ፣ የእግር ጣትን የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ፣ እጅጌው ጠበብ ያለ ቱታ። ለጠረጴዛ መጋዝም (ሠራተኛው ሰርኩላር ለሚለው) ሆነ በእጅ ተይዞ ለሚሠራበት ክብ መጋዝ እነዚህ አምስቱ መነሻ ናቸው። የቼይንሶው (በሚዞር ሰንሰለት የሚቆርጠው መጋዝ) ለብቻው ስለሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይታወቅ። ከእነዚህ ውስጥ የሚዞረውን የመጋዙን ዲስክ የሚያቆም የለም። ከዳር እስከ ዳር 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። መነጽር ዓይንን ከፍንጣሪ ያድናል፤ ጣትን የሚያድነው ግን የማሽኑ መከለያ፣ የመግፊያ እንጨቱና እርስዎ የቆሙበት ቦታ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው መጀመሪያ ማሽኑን ያስተካክል፣ ወዲያው ቀጥሎ መነጽር ይግዛ።

የማነብበት መነጽር አለኝ፤ እሱ አይበቃም?

አይበቃም። የንባብ መነጽር ጎኑ ክፍት ነው፤ ፍንጣሪ ደግሞ በብዛት የሚገባው በጎን ነው። መስተዋቱም ለምት ተብሎ አልተሠራም። የሥራ መነጽር ሲገዙ ፍሬሙ ወይም መስተዋቱ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ይፈልጉ፦ በአሜሪካ ደረጃ የተሠራው «ዜድ 87» የሚል ጽሑፍ የመደመር ምልክት ተጨምሮበት ይኖረዋል፣ በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ደግሞ «ኢ.ኤን 166»። ዓይኑ የሚደክም ሰው ከንባብ መነጽሩ ላይ የሚደረብ ሰፊ የሥራ መነጽር ማግኘት ይችላል።

ለቼይንሶ የሚሆነው የሽቦ መረብ ፊት መሸፈኛ ቅርንጫፍና ስንጥር ይመልሳል እንጂ ደቃቅ ብናኝ አያግድም። ከሥሩ መነጽር ይደረጋል።

ጓንት ላድርግ ወይስ አላድርግ?

ዲስክ በሚዞርበት ማሽን ላይ እየቆረጡ ከሆነ አያድርጉ። ይህ ብዙ ሰው የሚከራከርበት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ጓንት እጅን ይጠብቃል ብለን ነው ያደግነው። ጓንት ከስንጥርና ከሻካራ እንጨት ይጠብቃል። በሚዞር ጥርስ ፊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ባዶ ጣት ዲስኩን ቢነካ ይቆረጣል፤ ጓንት ያደረገ ጣት ቢነካ ጥርሱ የጓንቱን ጨርቅ ወይም ሌጦ ይዞ እጁን በሙሉ ወደ ራሱ ይጎትታል። በአንድ ጣት ጫፍ ያልፍ የነበረው ጉዳት እስከ መዳፍ ይደርሳል። ከዚያም በላይ ወፍራም ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ እንጨቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቶሎ አይታወቅዎትም።

እንጨት ሲያራግፉ፣ ሲደረድሩ፣ ዲስክ ሲቀይሩ (ስፒናው ተነቅሎ) ጓንት ያድርጉ። ማሽኑ ሊነሣ ሲል ያውልቁ። ቼይንሶ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ሁለቱም እጆች መያዣው ላይ ስለሚቆዩ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ጓንት ይደረጋል።

ማተቤን፣ ሻርፔን፣ ቀለበቴን ምን ላድርግ?

ቀለበትና ሰዓት ይወልቃሉ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ማተብ የእምነት ነገር ስለሆነ አውልቁት የሚል ምክር ሰሚ የለውም፤ መሆንም የለበትም። አጠር ተደርጎ ይታሰር፣ ከካናቴራ ሥር ይግባ፣ የቱታው ቁልፍ እስከ ላይ ይዘጋ። አደጋው ጎንበስ ሲሉ ተንጠልጥሎ ሲወጣ ነው። ሻሽም ሆነ ሂጃብ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሸጎጥ፤ ረጅም ጸጉር ይጠቅለል። ነጠላና ጋቢ ለብሶ ማሽን አጠገብ መቆም ለሚሠራውም ለሚያየውም ክልክል መሆን አለበት።

ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ብከት አይበቃም?

ጥጥ ድምፅ አያስቀርም ማለት ይቻላል። የጠረጴዛ መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ ብዙውን ጊዜ 100 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻል፤ ቼይንሶ ወደ 110 ይደርሳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም (ናዮሽ) ያለ መከላከያ የሚፈቅደው 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 94 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 100 ከሆነ 15 ደቂቃ፣ 110 ከሆነ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ከስፖንጅ የተሠራው የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፤ በጣት ተሽከርክሮ ቀጥኖ፣ ጆሮን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ጠልቆ መግባት አለበት። ግማሹ ውጭ ከቀረ ሥራውን አልሠራም።

መስማት እየቀነሰ ሲሄድ አያምም፤ አስቸጋሪነቱም ይኸው ነው። በእንጨት ሥራ ያረጁ ባለሙያዎች ለምን ጮኸው እንደሚያወሩ ልብ ብለው ያውቃሉ? የሄደው መስማት አይመለስም። ሙዚቃ ለመስማት ኢርፎን መሰካት ደግሞ መከላከያ አይደለም፤ ማሽኑን ለመብለጥ ድምፁን ስለሚጨምሩት ጉዳቱን ያብሳል።

በኮቪድ ጊዜ የተረፈው ማስክ ለሰጋቱራ ብናኝ ይሆናል?

ሰማያዊው የሕክምና ማስክ በጎንና በጎን ስለሚያስተነፍስ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ኤን95 ወይም ኤፍ.ኤፍ.ፒ 2 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ አፍንጫ ላይ በብረቱ ተጨብጦ ፊት ላይ ልክ የሚል ያስፈልጋል። ጺም ካለ ማስኩ ስለማይገጥም ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል።

ነገሩን ቀለል አድርገው አይዩት። በዓይን የሚታየው ሰጋቱራ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሳንባ የሚገባው የማይታየው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በተረጋገጠላቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫና የአፍንጫ ዙሪያ ካንሰር። ኤም.ዲ.ኤፍና ቺፑድ (ከደቀቀ እንጨትና ከማጣበቂያ የሚሠሩት ሰሌዳዎች) ሲቆረጡ ደግሞ ማጣበቂያው ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። በር ከፍቶ መሥራት፣ ከተቻለ ማሽኑ ሥር መምጠጫ መግጠም፣ ሰጋቱራን በደረቁ ከመጥረግ ውሃ ረጨት አድርጎ መጥረግ ይረዳል። በተጨመቀ አየር ልብስን ማራገፍ የወደቀውን ብናኝ መልሶ ለሳንባ ማቅረብ ነው።

መከለያው ስለሚያስቸግረኝ ፈትቼዋለሁ። ችግር አለው?

አለው። በየሥራ ቤቱ ስዞር መከለያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ጥግ ተጥሎ የማያቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። «ዲስኩን ማየት አልቻልኩም» የሚባለው ቅሬታ ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ማየት ያለብዎት ዲስኩን ሳይሆን እንጨቱ ከመሪው (ተደግፎ ከሚገፋበት ቀጥ ያለ ጠርዝ) ጋር የሚነካካበትን መስመር ነው።

ከመከለያው እኩል፣ በእኔ እምነት ከእሱም በላይ ትልቅ ሥራ የምትሠራው ከዲስኩ ኋላ የምትቆመው ቀጭን ብረት ናት። እንጨት ሲሰነጠቅ የተቆረጡት ሁለት ጎኖች ተመልሰው ሊገጥሙ ይፈልጋሉ፤ በተለይ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ውስጡ ውጥረት ስላለበት እንደ መቆንጠጫ ይዘጋል። የዲስኩ የኋላ ጥርስ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እንጨቱ እሱን ከነካው ተነሥቶ በዲስኩ ፍጥነት ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ሆድ የሚመታ፣ ጥርስ የሚያወልቅ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንጨቱ ሲሸሽ እጅን ይዞ ወደ ዲስኩ ይጎትታል። ያቺ ቀጭን ብረት የተቆረጠው ክፍተት ውስጥ ገብታ እንጨቱ እንዳይገጥም ትይዛለች።

ብየዳ ቤት በተሠራ ጠረጴዛ ሥር ሞተር ተገጥሞ የሚሠራባቸው ማሽኖቻችን ይህች ብረት የሏቸውም። ማሠራት ይቻላል። ውፍረቷ ከዲስኩ ገላ የሚበልጥ፣ ጥርሱ ከሚቆርጠው ስፋት ግን የሚያንስ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ጥርሱ 3.2 ሚሊ ሜትር የሚቆርጥና ገላው 2.2 የሆነ ዲስክ ላይ 2.5 ገደማ። ከጥርሱ ያላት ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ከዲስኩ ጋርም ፍጹም ቀጥ ትበል። የዲስክ ዓይነት ሲቀየር ውፍረቱ ይመርመር።

እንጨቱን ስገፋ የት ልቁም? እጄስ እስከ የት ይጠጋ?

ከዲስኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ይቁሙ፤ እንጨት ቢወረወር ያልፍዎታል። ረዳትዎም በዚያ መስመር ላይ አይቁም። ከዲስኩ አንድ ስንዝር ሲቀር እጅ ይመለስና መግፊያ እንጨት ይተካዋል። ከቁራጭ ኮምፔንሳቶ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ይቀመጥ፤ ለመፈለግ የሚያስኬድ ከሆነ ማንም አይጠቀምበትም። ጥርሱ ከእንጨቱ በላይ ትንሽ ብቻ ብቅ ይበል። የተቆረጠ ቁራጭ ዲስኩ አጠገብ ከቀረ ማሽኑ ጠፍቶ ዲስኩ ጨርሶ እስኪቆም ይተዉት። በጣት ጠረግ ማድረግ ብዙ ሰው የተጎዳበት ልማድ ነው።

ሥራ ላይ እያለሁ መብራት ቢጠፋስ?

ወዲያው ማብሪያውን ያጥፉ፤ ከዚያ ስፒናውን ይንቀሉ። የሚረሳው ይህ ነው። መብራት ሲሄድ ሰው ዘወር ይላል፣ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ ወይም «አሁን ጸጥ ብሏል» ብሎ ዲስኩን ሊያጸዳ፣ ሊያጠብቅ እጁን ይሰዳል። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል።

ፋብሪካ የሠራቸው ጥሩ ማሽኖች ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋና እንደገና ካልተጫኑት የማይነሣ ማግኔታዊ ማብሪያ አላቸው። ተራ የግድግዳ ማብሪያ ለተገጠመለት ማሽን ይህን ማስገጠም ለአንድ ኤሌክትሪሺያን ቀላል ሥራ ነው፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ከመነጽር እኩል አየዋለሁ። ቀዩ ማጥፊያም እጅ ሳይለቅ በጉልበት ሊመታ በሚችልበት ቦታ ይሁን።

ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ ገጥሜ እጠቀማለሁ። ሁሉም ያደርጋል፤ ለምን ይከለከላል?

ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የእንጨት ዲስክ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ፍጥነት ያንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ከአቅሙ በላይ ሲዞር ጥርሱ ተነቅሎ እንደ ጥይት ይወጣል። ሁለተኛ፣ ግራይንደር እንጨት ላይ የሚያርፍበት ገበታ የለውም፤ ጥርሱ አንድ ጊዜ ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ ዘልሎ ወደ ፊት፣ ወደ አንገት ወይም ወደ ጭን ይመጣል። ሦስተኛ፣ ዲስኩ እንዲገባ ሲባል መከለያው ይፈታል። ሦስቱ በአንድነት ሲገናኙ ጓንትም መነጽርም አያድንም። ሞራሌ ለመቁረጥ በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ ወይም የእጅ መጋዝ ይጠቀሙ። በዚህ ጉዳይ ላይ መሀል መንገድ የለኝም።

ለቼይንሶ ልዩ ሱሪ ያስፈልጋል የሚባለው እውነት ነው? ጂንስ አይበቃም?

ጂንስ ለሰንሰለቱ እንደ ወረቀት ነው። የቼይንሶ ሱሪ ውስጡ ረጃጅም ክሮች በብዙ ንብርብር ተደርድረውበታል። ሰንሰለቱ የላዩን ጨርቅ እንደ በጠሰ ክሮቹ ተስበው ይወጡና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ ላይ ተጠምጥመው ያንቁታል። ሱሪው ላይ የሚጻፈው ደረጃ የሚያቆመውን የሰንሰለት ፍጥነት ይናገራል፦ ደረጃ 1 በሰከንድ 20 ሜትር፣ ደረጃ 2 በሰከንድ 24 ሜትር፣ ደረጃ 3 በሰከንድ 28 ሜትር። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ሱሪ ተሰፍቶ አይለበስም፤ ክሩ ሥራውን ጨርሷል። የኤሌክትሪክ ቼይንሶ ጉልበቱ ስለማይቋረጥ ክሮቹ ሁልጊዜ ያቆሙታል ማለት እንደማይቻልም ይወቁ።

ከሱሪው ሌላ ሄልሜት፣ የፊት መሸፈኛ፣ የጆሮ መከላከያና አፍንጫው ብረት ያለበት ቦቲ ያስፈልጋል። ዋናው ጥንቃቄ ግን የባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ ላይ ነው። የጫፉ የላይኛው ግማሽ እንጨት ከነካ መጋዙ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው ፊት ይመለሳል። የግራ አውራ ጣት የፊተኛውን መያዣ ከሥር ይጠቅልል፣ ከትከሻ በላይ አይቁረጡ፣ መሰላል ላይ ሆነው አይቁረጡ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን መሥራቱን ጠዋት ጠዋት ይፈትሹ። ብቻዎን ጫካ አይግቡ።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ መጋዝ ሊልክልኝ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ 15 አምፒር የሚል መጋዝ 1,800 ዋት ስለሚበላ ትራንስፎርመሩ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ፣ 3,000 ዋት ገደማ ይሁን። ካርቦን ያለው ሞተር በዚህ ይሠራል። ካርቦን የሌለው ከባዱ ሞተር ግን በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሊግልም ይችላል።

ዲስኩም ይለያያል። የአሜሪካው መሀል ቀዳዳ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ገበያችን ላይ ያለው ትልቁ ዲስክ ብዙ ጊዜ 30 ነው። በልኩ የተሠራ ቀለበት ሳይኖር በቁራጭ ላሜራ ሞልቶ ማጥበቅ ዲስኩን ያወዛውዛል። ዘመድዎ ከመጋዙ ጋር ሁለት ትርፍ ዲስክ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ቢጨምርበት ሻንጣው ላይ ብዙ አይከብድም።

ጣት ሲነካው የሚቆም መጋዝ አለ የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። አሜሪካዊው ስቲቭ ጋስ እ.ኤ.አ. በ1999 የፈጠረው ሲሆን ሶስቶፕ በሚል ስም ገበያ የወጣው በ2004 ነው። ዲስኩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይተላለፋል፤ የሰው ገላ ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል፤ አንድ የአሉሚኒየም ግንድ በ5 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ጥርሱ ላይ ተሰክቶ ያቆመዋል። ጣቱ ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው። ግንዱና ዲስኩ ግን ይጣላሉ፤ እርጥብ እንጨትም ሳይታሰብ ሊያስነሣው ይችላል። ዋጋው ውድ ነው፤ እንጨቱ ተመልሶ እንዳይወረወርም አያደርግም። በአሜሪካ በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድቶ በዓመት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄደው ሰው 30,000 ገደማ መሆኑን ሲያስቡ ለምን እንደ ተፈለገ ይገባዎታል።

አሠሪዬ መከላከያ አልሰጠኝም። ወይም ሰጥቶኝ እኔ ባልለብስ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። የሠራተኛውን ግዴታ የያዘው ቀጣዩ አንቀጽ ነው፦ የተሰጠውን መጠቀም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ነገር ግን ሠራተኛው የተሰጠውን ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ተገኝቶ ከተጎዳ የካሣ መብቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መከላከያ ሲጠይቁ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቅጂው ይኑርዎት።

ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ «ይልመድ» ብሎ ዲስክ ፊት ማቆም በሕግም በኅሊናም አይፈቀድም። ይጥረግ፣ ይለካ፣ ያሽግ፤ መጋዙን ይየው፣ አይንካው።

ጣት ቢቆረጥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ይደረግ?

ማሽኑ ይጥፋ። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ይደረግ፣ እጁ ከልብ ከፍ ይበል፤ «እስቲ ልየው» እያሉ በየደቂቃው አይግለጡት። ቡና መነስነስ፣ ሰጋቱራ መርጨት፣ ቤንዚን ማፍሰስ ቁስሉን ይበክላል፤ ሐኪሙንም ያስቸግራል። ደሙ በመጫን አልቆም ካለና እየፈሰሰ ከሆነ ብቻ ሰፋ ባለ ጨርቅ ከቁስሉ በላይ ክንድ ላይ አጥብቀው ያስሩ፣ ሰዓቱንም ይጻፉ።

የተቆረጠውን ክፍል አይጣሉ። ቆሻሻ ካለው በንጹሕ ውሃ ብቻ ለቅለቅ ተደርጎ፣ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለልና ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይታሰር። ያ ፌስታል በረዶና ውሃ በያዘ ሌላ ፌስታል ውስጥ ይግባ። በረዶ በቀጥታ ከነካው ሥጋው ይሞታል፤ አልኮልና ሳሙናም እንዲሁ ይጎዱታል። ጣት በዚህ ሁኔታ ቀዝቅዞ ከተያዘ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ እንዳለ ከተተወ ግን ጊዜው በጣም ያጥራል። በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ከሆነ አይቁረጡት፤ ከእጁ ጋር ደግፈው ያስሩት። መልሶ መስፋት በየሆስፒታሉ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ስላልሆነ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመውን አቤት ሆስፒታልን ያስብ። ቀዶ ሕክምና ሊኖር ስለሚችል ለተጎዳው ምግብም ውሃም አይስጡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መወጋቱንም ሐኪሙን ይጠይቁ።